ትልቁ ፍሬምና የቡናው ክምር

ዲላ ውስጥ መነጽር ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አፌ ግን የሚከፈተው ደንበኛው ከሄደ በኋላ ነው። እትዬ አመለወርቅን ያስቸገርኳቸውም በዚሁ አመሌ ነው።

እትዬ አመለወርቅ ይርጋጨፌ አጠገብ ቡና ይለቅማሉ። ቀኑን ሙሉ ቡናው የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ጥቁሩንና የተነቀዘውን ከደህናው ይለያሉ። ቅርቡም ሩቁም እየደበዘዘባቸው ቢቸገሩ ሐኪም ቁጥሩ ፕላስ ሰባት የሆነ መነጽር አዘዘላቸው። ልጃቸው ሮሆቦት በመጀመሪያ ደመወዟ መነጽር ልትገዛላቸው ይዛቸው መጣች። ከመደርደሪያው ትልቁን ፍሬም አንስታ ፊታቸው ላይ አደረገችና "እማዬ፣ አምሮብሻል! ሰፊ ስለሆነ ደግሞ ብዙ ያሳይሻል" አለች። የእናትየው ፊት በደስታ በራ። እኔ ሌንሱ ወፍራምና ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ግን የልጅቷን ደስታ ማን ያበላሻል? ትእዛዙን መዝግቤ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ብቻቸውን መጡ። አፍንጫቸው ተልጧል፤ መነጽሩን ከኋላ በክር አስረውታል።

"ጎንበስ ስል ቡናው ውስጥ ይወድቃል" አሉኝ። "ሳወልቀው ደግሞ ጥቁሩን አላይም። ካቦው እስከ ሰኞ ካልተስተካከልሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ ብሎኛል። እባክህ ልጄ፣ ጠርዙን ከርክመህ አቅልልልኝ። ሮሆቦት ብቻ እንዳትሰማ።"

"ጠርዙን ብከረክመው መሃሉ አይሳሳም!" አልኩ። የተቆጣሁት በራሴ ነበር።

"ለምን አይሳሳም?"

ዓይናቸውን እንድፈትንበት በመሐረብ ቋጥረው ያመጡትን ቡና ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

"ይኸውልዎ፣ የእርስዎ ሌንስ እንደዚህ ክምር መሃሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ነው። ተዳፋቱን የሚወስነው የዓይንዎ ቁጥር ነው፤ እሱ አይለወጥም። ስለዚህ ክምሩ ወደ ጎን በሰፋ ቁጥር መሃሉ ከፍ ይላል። ትንሽ ፍሬም ከሆነ ግን ከመጀመሪያው በልኩ የተሠራ ትንሽ ክምር ይበቃዋል።"

ከክምሩ እፍኝ ዘግነው ለብቻው አፈሰሱት። ዝቅ ያለ ትንሽ ክምር ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው።

"ታዲያ ይህን ያኔ ለምን አልነገርከንም?" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው ያሳመመኝ።

ትንሽ ክብ ፍሬም መረጥን፤ በልኩም አዲስ ሌንስ ከአዲስ አበባ በአስቸኳይ አስመጣሁ። እሑድ ከቸርች እንደወጡ መጥተው አደረጉት። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው ከቡናው ሦስት ጥቁር ፍሬ ለቀሙ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽሩ ንቅንቅ አላለም።

"ጌታ ይባርክህ" አሉኝ። አፈርኩ።

ከወር በኋላ ሮሆቦት ብቻዋን ስትገባ ሳያት ደነገጥኩ።

"እማዬ ሁሉንም ነገረችኝ" አለች። "ቡና አፍስሳ አስረዳችኝ። ትንሽ አልቅሻለሁ፤ ለኔ ብላ አፍንጫዋ እስኪላጥ ድረስ ቻለችው!" ትልቁን ፍሬም ከቦርሳዋ አውጥታ ለራሷ የፀሐይ መስታወት እንድገጥምበት ሰጠችኝ።

"ሥራቸውስ?"

"እዚያው ለቀማዋ ላይ ናት። ይህንን ልካልሃለች።"

ያው መሐረብ ነው፤ ቡናው እንደተቋጠረ።

"ለሚቀጥለው ሰው ፍሬም ሳይመርጥ በፊት አፍስስለት ብላሃለች።"