ባዶ በረዶ

ሁንዴ ሳሊተ ምሕረት አጠገብ ባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ዓመታት ሙሉ የሚያሳድደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእህቱን የኢሊሊን ጡንቻ የጨረሰውን የተበላሸ ፕሮቲን። ሐኪሞች የሕመሟን ስም እንጂ የፕሮቲኑን መልክ አያውቁትም። መልኩ ከታወቀ መድኃኒት ፍለጋ ይጀመራል፤ ተስፋው ይኸው ነበር።

ኢሊሊ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም፣ ድሮ አባታቸው ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ከተኛች ሰነባብታለች። ጭኗ ላይ ከቀረችው ሥጋ ሐኪሙ ቆርጦ ሲወስድ "ውሰዱት፣ እኔን እንደሆነ አልጠቀመኝም" ብላ ስቃ ነበር።

ያቺ ቁራጭ ተፈጭታና ተጣርታ፣ በስስ በረዶ ተይዛ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ገባች። የሚወጣው ምስል ጭጋግ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሚሊዮን ምስል ደራርበው ነው ቅርጽ የሚያወጡለት። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁንዴ ያጣው ደግሞ እሱን ነው። እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ራሱ የገመተውን ቅርጽ ሰጣቸውና "ይህን የሚመስለውን ፈልጉ" አላቸው። ኮምፒውተር ክፉ ሎሌ ነው፤ ጌታው የሚወደውን ይነግረዋል። ቅርጹ ጥርት ብሎ ወጣ። ሁንዴ አለቀሰ፤ ምስሉንም አትሞ ኢሊሊ አልጋ ፊት ለፊት ለጠፈላት።

ዛሬ ጠዋት ስሌቱን የምትሠራው ዊንታ ጠራችው። ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

"ለኮምፒውተሮቹ የባዶ በረዶ ምስል ሰጠኋቸው፤ ምንም ሳምፕል የሌለበት።"

"እሺ?"

ስክሪኑን አዞረችለት። ያው ቅርጽ ነበር።

"ሁንዴ፣ የሰጠሃቸውን ነው የመለሱልህ።"

"ያለ እኔ ግምት እንደገና ይሠራ።"

"ሠራሁት እኮ። ጭጋግ ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ገና በረዶው ውስጥ ሲገባ ፈርሷል። አዲስ ሳምፕል፣ ሌላ ቁራጭ ሥጋ ያስፈልገናል።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሁንዴ ግን የሚለቅመው እንኳ አልቀረለትም።

ቤት ገብቶ ለኢሊሊ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ግድግዳው ላይ ያለውን ምስል ብዙ አየችው።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

ሁንዴ ብትሰድበው በወደደ ነበር።

"በቃ አታልቅስ" አለችው። "ሌላኛው እግሬ አለ አይደል? ከሱ ይቁረጡ።"

ብርድ ልብሱን እንደምንም ገለጠችለት። ሁንዴ አየ። ቆዳ አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፤ የሚቆረጥ ሥጋ አልነበረም።

"አዎ" አላት፤ "አለ።"