ውሃ ያለቀበት ባቡር

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ልጅቷ ሰዓቱን የማትረሳው የሳሎኑን መስኮት ስትዘጋ ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ላይ ስላረፈ ነው። አሁን ማክሰኞ ነው፤ በዚያው መስኮት ሥር ተቀምጣ እናቷ ስለ አባቷ አሟሟት ለአንዲት ለቀስተኛ ስትናገር ትሰማለች።

"እኔ እህቴ ድንገት ታማብኝ እሷ ዘንድ ሄጄ ነበር" አለች እናት። "ልጄ መኖሯ በጀኝ እንጂ! የጓሮው ባቡር ድምፅ ቆም ሲል ሮጣ ወጣች። እጇ ላይ ነው ያረፈው።"

"ይኼም ትልቅ ነገር ነው" አለች ለቀስተኛዋ፤ ድሮ ከሟቹ ጋር ፍርድ ቤት ትሠራ የነበረች ጸሐፊ ናት። "ሰው ብቻውን ከመሞት ያድነን። ምን አሉ በመጨረሻ?"

"ንገሪያት እስቲ፣ ፍሬን።"

"'ደከመኝ' አለኝ" አለች ልጅቷ፣ ከሻይ ብርጭቆዋ ቀና ሳትል። "ከዚያ 'እናትሽን አደራ' አለኝ።"

ትናንት "ደከመኝ" ብቻ ነበር። አደራው የዛሬ ጭማሪ ነው። እናቷ አንገቷን ነቀነቀች፤ የጎደላትን እንዳገኘ ሰው ፊቷ ለሰለስ አለ። የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ፍሬን የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ዳኛ ነበር። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ጓሮው ውስጥ፣ በጽጌረዳዎቹ መሃል፣ ስፋቱ አራት ጣት የማይሞላ ሐዲድ ዘረጋ። በላዩ ላይ ክንድ የምታህል አረንጓዴ ባቡር ያስኬድ ነበር። መጫወቻ አይደለችም፤ እውነተኛ ውሃ ትጠጣለች፣ እውነተኛ እሳት ሆዷ ሥር ይነዳል፣ በእንፋሎት ትሄዳለች። ችሎት ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለት የነበረ ሰውዬ ቱታ ለብሶ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ከኋላዋ በጉልበቱ ይድህ ጀመር። "ዳኛው ይግባኝ ብለው ወደ ልጅነት ተመለሱ" ይሉ ነበር ጎረቤቶች። እሱ ከሁሉም በላይ ይስቃል። ልጁ ግን አትስቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር "አባዬ ተነስ፣ ልብስህን ቀይር" ትለዋለች። እሱም እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ "ይኸው ፍሬናችን መጣች! ሁሉም ባለበት ይቁም!" ይላል።

ያን ቅዳሜ የእጮኛዋ ወላጆች ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መጥተው ነበር። አባቷ ኮት ለብሶ ሊቀመጥ ቃል ገብቷል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ኬኩን ቀምሶ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ጠፋ። ተከትላው ስትወጣ ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ ከባቡሩ አጠገብ ተንበርክኳል።

"አባዬ፣ ዛሬን እንኳን!"

"ሞቃለች እኮ ልጄ። አንድ ሁለት ዙር አዙሬያት እመጣለሁ። የልጁን አባት ብጠራቸውስ? ደስ ይላቸዋል።"

"በናትህ አታዋርደኝ።"

አባቷ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ወደ ባቡሩ ዞረ። እሷም ገብታ መስኮቱን ዘጋችው።

ተዘግቶም ይሰማል፤ ቸክ ቸክ፣ ቸክ ቸክ። "ምንድን ነው እሱ?" አሉ የእጮኛዋ አባት።

"የጎረቤት ልጆች ናቸው" አለች።

ባቡሩ ዞረ፣ ዞረ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ተመስገን አለች በልቧ። ሻይ ደገመች፣ የልጅነት ፎቶዎቿን አሳየች፣ እንግዶቹን እስከ መኪናቸው ሸኘች። ልትቆጣው ወደ ጓሮ ስትዞር አባቷ ጽጌረዳው ሥር በጎኑ ተኝቷል። እጁ ቀዝቅዟል። ባቡሯ ቆማለች፤ ሆዷ ሥር ያለው እሳት ግን አሁንም ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል።

የመጀመሪያ ሥራዋ እሳቱን ማጥፋት ሆነ። ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ለቀስተኛ በሚመጣበት የመጨረሻ ቀን፣ አንድ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ባቡር የሚነዳ እሱ ነበር፤ ያን ሳምንት ጉንፋን አስቀርቶታል።

"እትዬ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ዙር ላዙርለት" አለ። "ይቺ ባቡር ሳትሸኘው መቅረት የለባትም።"

"አይሆንም!" አለች ልጅቷ። "ለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ምን ይላል?"

"ወይ ፍሬን!" አለች እናቷ። "አባትሽ እውነቱን ነው። አምጪለት።"

ከዕቃ ቤት አወጣቻት። ጥርስ ሐኪሙ የጓሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት፣ መነጽሩን አደረገ፣ አገላበጣት። ከሆዷ በታች ያለው ቀለም አብጦ ተልጧል። በትንሽ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሞላባት።

ጠብ። ጠብ። ውሃው በታች በኩል መጣ።

ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እሳት ካለ ሰው አለ። ዳኛው ጉልበቱን ስለሚያመው፣ ቶሎ ቶሎ ላለመሙላት ትልቅ የጋዝ ማጠራቀሚያ አስገጥሞ ነበር። ስለዚህ ከጋዙ በፊት ውሃው ያልቃል፤ በየጥቂት ዙሩ ካልተጨመረና እሳቱ ሳይጠፋ ከቆየ፣ ውሃ የሚፈላበትን ባዶ ማፍያ ይፈጀዋል፣ ብየዳው ይቀልጣል። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሚስቱን "ነይ ጠብቂልኝ" ብሎ ይጠራት ነበር። እሷም ዱቄት በነካው እጇ መጥታ እንደ ዘበኛ ትቆማለች።

"እሳቱን ማነው ያጠፋው?" አለ ጥርስ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

"እኔ።"

"ወዲያው?"

"ወዲያው" አለች። ድምፁ የእሷ አልመስል አላት።

ቀና ብሎ አያት። ቢሰድባት በወደደች። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

"ምን ሆነች?" እያሉ ለቀስተኞቹ ተሰበሰቡ።

"አርጅታለች" አለ ጮክ ብሎ። "ከካቻምና ጀምሮ ታፈስ ነበር። 'ይኼ ጥርስ ካልተነቀለ አይሆንም' ብዬው፣ 'ማደንዘዣ የለህም' ብሎ ከለከለኝ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ጸሐፊዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እናት አልሳቀችም። የተላጠውን ቀለም አየች። ጠብታውን አየች። ከዚያ ልጇን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ። ልጅቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ነገር ግን "የጎረቤት ልጆች ናቸው" የሚለው ብቻ ነበር። መልሳ ዘጋችው።

እናትየዋ በእጇ የያዘችውን ሻይ ሣሩ ላይ ደፋችው። ብርጭቆውንም ጎንበስ ብላ ውሃው ከሚንጠባጠብበት ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ ብርጭቆው እስኪሞላ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም።

ጥርስ ሐኪሙ ማፍያውን ወስዶ አስበየደው፤ ባቡሯ ዛሬም ትሄዳለች። እናቷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የአባቷን የመጨረሻ ቃል ጠይቃት አታውቅም።