ከጨረቃ ያለፈ ሰው ካለ

እህቴ ዓሊያ ትፈታ አትፈታ ሳይታወቅ ቤቴ ከገባች ሳምንት ሆናት። ባሏ ሰዲቅ አልመታትም፣ ሌላም አላገባባትም። ፈትቷት ከሆነ የፈታት በጨረቃ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን አንጀቴ እርር ብሏል።

ነገሩ የተነሳው ባጃጅ ውስጥ ነው። ሰዲቅና የእርሻ ጎረቤቱ ታደሰ ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ወደ ቀወት ሲመለሱ፣ የባጃጁ ሬዲዮ ስለ አንድ መንኮራኩር ያወራል። ከተላከ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፕላኔቶቹን ሁሉ አልፎ ሄዷል፤ ዛሬም መልእክት ይልካል። ታደሰ ጭኑን መታና «ወይ የሰው ልጅ፣ የት ደረሰ!» አለ። ሰዲቅ ደግሞ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። «ሰው ከጨረቃ አላለፈም» አለው። አልፏል፣ አላለፈም ሲባባሉ፣ ሙቀቱም ተጨምሮበት፣ ታደሰ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» ብሎ ሳቀበት። ይሄኔ የኔ አማች በተሳፋሪው ሁሉ ፊት «ከጨረቃ ያለፈ ሰው ካለ ዓሊያ የተፈታች ትሁን!» ብሎ ማለ።

የሽንኩርት ገበሬ ከጨረቃ ጋር ምን አገናኘው? እሺ ይከራከር፤ በበሬው አይምልም?

በኛ ዘንድ በሚስት ፍቺ መማል ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ሰዲቅና ዓሊያ ከዚህ በፊት ሁለቴ ተፋተው ሁለቴ ታርቀዋል። ሦስተኛው ከጸና፣ ሌላ ባል አግብታ ከሱ ካልተለየች በቀር መመለሻ የለውም። ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ መንደር ገባ። ዓሊያ ሰምታ አላለቀሰችም። «እስኪለይለት አንተ ጋ ልቀመጥ፣ ወንድም ጋሼ» ብላ ከቀወት መጣች። እኔም ሰዲቅን እየጎተትኩ ሸህ አሊዪ ዘንድ ወሰድኩት።

ሸሁ ነገሩን አስደግመው ሰሙ። «ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ ሰው ማለፉና አለማለፉ ይጣራ። እኔ ስለ ጨረቃ የማውቀው ጾም ስታስይዝና ስታስፈታ ነው። የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ኑ።»

የሚያውቅ ሰው ያልነው መምህርት ሐናን ነው። ፊዚክስ ታስተምራለች፤ የደብረ ሲና ልጅ ናት። መጀመሪያ ሳቀች፤ የሰዲቅን ፊት ስታይ ግን ወንበር አቀረበችልን።

«መንኮራኩሩ እውነት ነው» አለች። «ብርሃን እንኳ ከዚህ ተነስቶ እሱ ጋ እስኪደርስ አንድ ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ግን ሰው አልተሳፈረበትም። ሰው በሩቅ ሄደ ቢባል እስከ ጨረቃ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰዲቅ። ተነስቶ ጉልበቷን ሊስም ቃጣው።

«ግን…» አለች።

ያቺን «ግን» እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

«ግን ጨረቃን ከጀርባዋ ዞረው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ያኔ ከኛ ሲታይ ጨረቃ ከመሃል ናት፣ እነሱ ከወዲያ ናቸው።»

«እና አልፈዋላ?» አልኳት።

«በርቀት ከሆነ አልፈዋል። ከጨረቃ ተሻግሮ ሌላ ቦታ የደረሰ ሰው ከሆነ ግን የለም።»

«መምህርት፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አዎ ወይም አይደለም በይን።»

«ጋሼ ኢልያስ፣ እሳቸው ሲምሉ ምን ማለታቸው እንደነበር እኔ በምን አውቃለሁ?»

ወጣን። ጸሐዩ አናት ይበሳል። ሰዲቅ መንገዱን ሙሉ ይለፈልፍብኛል፦ «ጋሼ ኢልያስ፣ ሰው ቤትዎን ዞሮ ቢመጣ ቤትዎን አለፈ ይባላል?» አይባልም ልለው አልኩና ጓሮዬ ትዝ አለኝ። ጓሮዬ ከቤቴ አልፎ አይደል እንዴ? ከጓሮዬ የቆመ ሰውስ ምን ሊባል ነው? አንዴ እህቴ ተፈታች እላለሁ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ የለም አልተፈታችም እላለሁ። ግራ ተጋባሁ። ንዴቴ እንኳ በማን ላይ እንደሆነ ጠፋኝ፤ በሰዲቅ ይሁን፣ በታደሰ ይሁን፣ ወይስ ደርሰው አርፈው በመመለስ ፈንታ ዞረው በመጡት ሰዎች።

በማግስቱ መስጊድ፣ ሸሁ ዘንድ ስንቀርብ ዓሊያም አብራን መጣች። ልብሷን በፌስታል ይዛለች። ፍርዱ ወደ ቤቷ ቢመልሳት ከዚያው ልትሄድ መሆኑ ገባኝና ሆዴ ባባ።

መምህርቷ ያለችውን ነገርኳቸው። ሸሁ «ዞረው?» አሉ፤ ቆይተው ደግሞ «ከኋላዋ?» አሉ። በጣታቸው መሬቱ ላይ ክብ አበጁና ጣታቸውን አዞሩ። «እኔም ግራ ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ብለው ሰዲቅን አዩት።

«ስትምል እሷን መፍታት በልብህ ነበር?»

«ወላሂ አልነበረም፣ ሸሃችን። ታደሰን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው የፈለግኩት። እሷ በሐሳቤም አልነበረች።»

«እንግዲያው መሐላ እንጂ ፍቺ አይደለም። ሌላ ዓሊም ሌላ ሊል ይችላል፤ እኔ የምፈርደው ግን እንዲህ ነው። ለመሐላህ ማካካሻ አሥር ሚስኪን አብላ፣ ምላስህንም ሰብስብ። ሚስትህ ሚስትህ ናት።»

ሰዲቅ እንባው መጣ። እኔም ከላዬ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ዓሊያ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ሸሃችን፣ አንድ ነገር ልጠይቀው?» አለች። ፈቀዱላት። «ሰዲቅ፣ ስትምል ሰው ከጨረቃ አለማለፉን በእርግጥ ታውቅ ነበር?»

አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ። አቤት፣ እንዲዋሽ እንዴት እንደተመኘሁ! እሱ ግን ሌላው ጥፋቱ እንዳለ ሆኖ ውሸት አያውቅም።

«አላውቅም ነበር» አለ። «ኧረ አሁንም አላውቅም።»

«ሁለቴ ስትፈታኝ ሁለቴም ተቆጥተህብኝ ነበር» አለችው ድምፅዋን ሳታነሳ። «ያኔ ቢያንስ አስበኸኛል።»

ተነስታ የሸሁን እጅ ሳመች፣ ፌስታሏንም ይዛ ወጣች። የቀወት ባጃጆች ከመስጊዱ በስተግራ ነው የሚቆሙት። እሷ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ወደ እኔ ቤት።

ሰዲቅ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ ኢልያስ፣ ሸሁ ሚስትህ ናት ብለውኛል አይደል?»

«ብለውሃል» አልኩት።