የመጨረሻዋ ቢጫ ሳሙና

ሳሙናዋ የለችም። ታናሽየዋ እህት ቁም ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ገለበጠችው፤ የሹራቧን እጅጌ ሳይቀር ዳበሰች፤ የለችም። ልጇ ልትመጣ የቀረው ደግሞ አራት ቀን ነው።

ከአገር ቤት ወደዚህ ባዕድ አገር ስትመጣ ሰባት ይዛ ነበር። ሎሚና ላምባ ላምባ የሚል፣ ድፍን ቢጫ የልብስ ሳሙና። እናታቸው ቤት ለልብሱም ለገላውም ለሳህኑም እሱው ነበር። ስድስቱን በሦስት ዓመት እየቆጠበች ጨረሰች፤ ሰባተኛዋን በካልሲ ጠቅልላ ከሹራቦቿ ስር ሸሸገች። የምትሠራው አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከበረኪና ውስጥ አንሶላ ስታወጣ ስለምትውል አፍንጫዋ ከሞተ ሰንብቷል፤ ካልሲውን አፍንጫዋ ላይ ካልለጠፈች በቀር ምንም አይሸታትም።

ለሳሙና ይሄ ሁሉ ጭንቅ ምንድነው ትሉ ይሆናል። ልጇን ትታት ስትመጣ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስድስት ሞልቷታል። በስልክ ስታናግራት «የስልኳ እማዬ» ነው የምትላት፣ ሌላ የጓዳ እማዬ ያለቻት ይመስል። ማታ ማታ እንቅልፍ የሚወስዳት ግን እናቷ ትታላት የሄደችውን ሻሽ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው። አያትየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻሹን በዚያው ሳሙና ያጥቡታል። ታናሽየዋ እንግዲህ ያሰበችው ይህን ነው፦ ልጅቷ በምትመጣበት ዕለት በዚያች ሳሙና ገላዋንም ቀሚሷንም ታጥባ ትቀበላታለች። መልኳን ብትረሳ ሽታዋን አትረሳም።

ታላቅ እህቷ ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ትወለውል ነበር። ቤቱ የእሷ ነው። እዚህ ያለው ያገር ልጅ በሙሉ «መመሪያ» የሚላት፣ ፍሪጁ ላይ በቁጥር ደርድራ በለጠፈችው ሕግ ምክንያት ነው። ቁጥር ስድስት «የአገር ቤት ኮተት ቤቴ አይገባም» ይላል።

«እትዬ፣ ሳሙናዬን የት አደረግሽው?»

«ጣልኩት።»

«ምን?»

«ጣልኩት አልኩሽ! ቁጥር ስድስት። ማንበብ አትችይም?»

«የልጄ መምጫ እንደሆነ እያወቅሽ?»

«ታዲያ ልጅሽ የምትመጣው ልብስ ልታጥብ ነው? አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን የድህነት ሽታ ከላዬ ሳራግፍ ኖሬ፣ አንቺ በሻንጣ ጭነሽ መጣሽብኝ!»

«እናታችንን ነው የሚሸተው።»

«እናታችንን ተያት!» አለች መመሪያ፣ ብርጭቆውን ሊሰበር እስኪደርስ እያስቀመጠች።

ታናሽየዋ ግቢ ወርዳ የቆሻሻ ገንዳውን በጠራራ ፀሐይ በረበረችው። ጎረቤት በመስኮት አንገቱን አስግጎ አያት። ሳሙናዋ የለችም። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ተንከራተተች፤ ሁሉም ፈሳሽ ነው፣ ሁሉም አበባ አበባ ይላል። አንዱ ባለሱቅ በእጇ ቅርጹን፣ በአፍንጫዋ ሽታውን ስታስረዳው ቆይቶ የወለል ሰም አመጣላት።

ስትመለስ ፍሪጁ ላይ አዲስ ሕግ ተለጥፏል፦ «14. ገንዳ የነካ እጅ ፍሪጅ አይነካም።» እስክሪብቶ አንስታ ከስሩ ጻፈችበት፦ «15. የሰው ዕቃ የነካስ?» ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱ ቃል አልተነጋገሩም። መመሪያ ከሥራ ስትመለስ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፋ አንድ ሰዓት ትቆይና፣ በሽቶዋ ተነክራ ወጥታ በሯን ትዘጋለች። ታናሽየዋም «ምነው ሽቶው በገደላት» እያለች በሆዷ ትራገማለች።

በአራተኛው ቀን አየር ማረፊያ ሄዱ። መኪናው የመመሪያ ስለሆነ ነው እንጂ አንድ ላይ ባልሄዱ። ልጅቷ የአውሮፕላን አስተናጋጇን እጅ ይዛ ወጣች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ በጡጫዋ ሻሿን የጨበጠች።

«የኔ እናት! ልጄ!» ታናሽየዋ ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋች።

ልጅቷ ቀረብ አለች፣ አሸተተቻት፣ ፊቷን አጨማደደችና ወደ ኋላ ሸሸች። በረኪና ነበር። ሻሹ ከእጇ ወደቀ። መመሪያ ልታነሳላት ጎንበስ ስትል ልጅቷ ድንገት ቀጥ አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ከአክስቷ ጆሮ ስር ወሽቃ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አያቴን አያቴን ትሸቻለሽ» አለቻት።

መመሪያ ክው አለች። «እኔ አይደለሁም… እናትሽ እሷ ናት፣ ወደ እሷ ሂጂ» ብላ ልታላቅቃት ሞከረች፤ ልጅቷ ጭራሽ ጠበቀችባት።

ታናሽየዋ እንደተንበረከከች ቀረች። የተቆለፈው መታጠቢያ ቤት፣ ሽቶው፣ ሁሉም ነገር አሁን ነው የገባት። በሕይወቷ እንዲህ ሰው ጠልታ አታውቅም።

«ጣልኩት አላልሽኝም?»

«ልጥለው ነበር። ገንዳው ጋ ስደርስ አሸተትኩት።» መመሪያ ዓይኗን ሰበረች። «እማዬን አስራ ሁለት ዓመት አላየኋትም።»

«ሌባ።»

«ልጅሽ ፊት አትስደቢኝ።»

«ቀርቷል?»

መመሪያ በአንድ እጇ ልጅቷን እንደታቀፈች በሌላው ቦርሳዋን በረበረች። በሶፍት የተጠቀለለች፣ ጥፍር የምታህል ስባሪ አወጣች። ታናሽየዋ ነጥቃት ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። አንገቷን፣ ደረቷን፣ የቀሚሷን አንገትጌ ስባሪዋ ሟሙታ እስክታልቅ ፈተገች። አንዲት መንገደኛ ሻንጣዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ውሃ እያንጠባጠበች ተመለሰች። እህቷ አጠገብ ቆመች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። ልጅቷ ከአክስቷ ትከሻ ላይ አንገቷን አውጥታ አሸተተቻት። ደግማ አሸተተቻት።

«የስልኳ እማዬ?»

«አዎ» አለች ታናሽየዋ።

ልጅቷ እርጥቡን አንገትጌ በአንድ እጇ ጨመደደችው። ሌላው እጇ ግን የአክስቷን አንገት አልለቀቀም። ሊያላቅቋት ሲሞክሩ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ምን ይደረግ፣ ለዓይን የተጠላሉ ሁለት እህትማማቾች ጉንጭ ለጉንጭ ተለጣጥፈው ወደ መኪናው መንገድ ጀመሩ።

«ቀስ በይ፣ እግሬን ረገጥሽኝ» አለች መመሪያ።

«አንቺ ቀስ በይ» አለች ታናሽየዋ።