የባዬ አራት፣ የተሰማ ስምንት

አራት ይበቃሃል ይላል ባዬ ደግሞ፣ አራት፣ ለእሱ የበቃው ለእኔም ይበቃኛል ማለቱ ነው፣ ከዚያ በላይ ለአንተ ምን ያደርግልሃል ማለቱ ነው፣ ተሰማ እንዲህ እያሰበ ሁለቱን ጥቁር ኮምፒውተሮች ያያል፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለው የበሽር ሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ፣ አንዱ ባለ አራት ጊጋ ሜሞሪ፣ ሌላው ባለ ስምንት፣ በመልክ መንታ ናቸው፣ የተለጠፈባቸው ወረቀት ባይኖር ማንም አይለያቸውም።

ባዬ አጠገቡ ሆኖ ከባለሱቁ ጋር ይሳሳቃል፣ አረብኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ያ በሽር፣ ለዚህ ሽማግሌ ጥሩውን ስጠው፣ ጀለቢያህ ያማረው በማን መርፌ ሆነና፣ በሽርም ይስቃል፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ዐሚ ተሰማ አባታችን ነው። ሽማግሌ አለኝ። እሱ ምን ሊሆን ነው፣ የቀረችው ጥርስ ለመሳቂያ ያህል ናት። ትቼው ብመጣ ይሻለኝ ነበር፣ ግን አበልጅን ትቶ እንዲህ ያለ ዕቃ መግዛት ነውር ነው፣ በኋላ ሚስቴ ሰርክአዲስ ምን ትለኛለች፣ ደግሞስ ገመዱን ማን ሊሰካልኝ ነው።

የልጁ የናሆም የክርስትና አባት ነው ባዬ። ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ ከዚህ ሁሉ ሐበሻ መሃል አንተን ነው የማምነው ብዬ፣ ማን አዘዘኝ። ናሆም አደገ፣ ሜልበርን ገባ፣ አገባ፣ ህሊናን ወለደ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ፣ ተሰማ አቅፏት አያውቅም፣ የምትታየው በኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የባዬ ነው፣ ያውም ያልገዛው፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሚሾፍርላቸው ሰዎች አዲስ ሲያመጡ አሮጌውን ውሰድ ብለው የሰጡት። ለእሱ ሁሉ ነገር እንዲህ ነው። ይሰጡታል።

ዓርብ። ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲያርፍ ሰርክአዲስ ንጹህ ነጠላዋን ታወጣለች፣ ምስር ወጥ በዕቃ ትቋጥራለች፣ ለማን ነው፣ ለባዬ ነዋ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው አይደለም እንዴ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ማን ይሠራለታል፣ እህ፣ አንተም ተነስ እንጂ፣ ልጅህን ማየት አያምርህም፣ ወገቤን አሞኛል፣ ሁልጊዜ ዓርብ ነው ወገብህ የሚያምህ። ወደ ባዬ ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነው፣ ህሊና ዛሬ ዘፈነችልን ትላለች። ዘፈነችልን። ለእሷና ለማን።

አንድ ዓርብ ሄዷል። ልጅቷ ብቅ አለች፣ ፀጉሯ ሁለት ቦታ ታስሮ፣ አባባ ባዬ፣ አባባ ባዬ፣ ጥርሴ ወለቀ ብላ ድዷን አሳየች፣ ባዬም የእኔም ወልቋል ብሎ አፉን ከፈተላት፣ ሁለቱም ተንከተከቱ፣ ከዚያ ተሰማን አየችው፣ አየችውና ወደ አባቷ ዞረች፣ ይሄ ማነው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ናሆም ደነገጠ፣ አያትሽ ነው እንጂ፣ የእኔ አባት፣ እሷ ግን አይደለም አለች፣ አያቴ እሱ ነው። በጣቷ ባዬን። ሰርክአዲስ ሳቀች፣ ባዬ ሳቀ፣ ናሆም እንኳ ሳቀ፣ ልጅ አይደለች፣ ተሰማም አብሮ ሳቀ።

ስለዚህ ስምንት። ባዬ ቤት ምስሉ ይደርቃል፣ ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቀጥ ትላለች፣ በስምንት አይደርቅም፣ ሰርክአዲስም እዚህ ይሻላል ትላለች፣ እሱ ቤት እኮ ይቆራረጥ ነበር፣ ይህን ከአፏ መስማት ነው የሚፈልገው፣ ሌላ ምንም። ምስሉን የሚያደርቀው ሜሞሪው ነው አይደል፣ ብሎ በሽርን ይጠይቃል። ላ፣ ላ፣ ያ ዐሚ፣ እሱ ሸበካው ነው፣ የኢንተርኔቱ መስመር፣ ሜሞሪ ማለት አንተ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ በለው፣ የያዝከውን ሥራ ትዘረጋበታለህ፣ ሥራው ከበዛ ሰፊ ያስፈልግሃል፣ አንተ ምን ልትሠራበት ነው። ምን ልሠራበት ነው። ሚስቴን ከሰው ቤት ልመልስበት። አያት ልሆንበት። ለቤት ነው፣ ይላል ተሰማ፣ ከልጄ ጋር እንድነጋገርበት። ከላስ፣ በቃ፣ ለእሱማ አራት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ገብቶታል። ጠረጴዛ ሲባል ገብቶታል፣ ሸሚዝ ለመቁረጥ ጀለቢያ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ አይፈለግም፣ ይህን እጁ ያውቀዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ በጠባብ ጠረጴዛ ነው የሠራው፣ ግን ባዬ አላልኩህም ብሎ ትከሻውን መታ ሲያደርገው የገባው ሁሉ ይጠፋል። ምን አስነካው። አራቱን እንድወስድ ይህን ያህል ምን አለፋው፣ የእሱ እንዳይበለጥ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ስምንቱን፣ ይላል ተሰማ፣ ያላ፣ ስምንቱን አውርድልኝ።

ካሜራውስ፣ ይላል ባዬ።

ምን ካሜራ።

ይሄ እኮ ዓይን የለውም አበልጄ፣ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ የእኔ ኮምፒውተር አናት ላይ የተሰካችዋን ትንሽዬ አላየሃትም፣ ባለ አራቱን ወስደህ በተረፈው እሷን ትጨምራለህ ብዬ እኮ ነው እስካሁን የምለፈልፈው።

አላያትም። ያን ቀን ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነበር፣ እንዴት ይያት። ኪሱ የያዘው ወይ ለስምንቱ ነው፣ ወይ ለአራቱና ለካሜራው፣ ለሁሉም አይሆንም። ያለ ካሜራ ድምፁ ብቻ ይሄዳል፣ ልጅቷ ጨለማ ታያለች፣ ከጨለማው ውስጥ አያትሽ ነኝ የሚል ድምፅ፣ ደንግጣ ትሸሻለች እንጂ ምን ታደርጋለች። ግን ስምንት ብያለሁ፣ በሽር ፊት ብያለሁ፣ አሁን ተመልሼ አራት ብል ባዬ አሸነፈ፣ ካሜራው ቆይቶ ይገዛል፣ እስኪገዛ ስንት ዓርብ ያልፋል፣ እስኪገዛ አዲሱ ጥርሷ ይበቅላል፣ ለባዬ ታሳየዋለች።

ስምንቱን ከወደድከው ውሰደው፣ ይላል ባዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽር እንዳይሰማ በአማርኛ፣ የእኔን ካሜራ ነቅዬ እሰጥሃለሁ፣ እነ ናሆም አንተ ቤት ከታዩ እኔ ማንን ላይበት ነው።

ተሰማ ቀና ብሎ ያየዋል። የሸሚዙ ኮሌታ ተገልብጦ የተሰፋ ነው፣ ሲያልቅ ተሰማ ራሱ ነው የገለበጠለት፣ ሳያስከፍል፣ ሽማግሌ ነው ለካ እሱም፣ አንገቱ ቀጥኗል። ያሳዝነዋል፣ ግን ለቅጽበት፣ ወዲያው ሌላው ይመጣል፣ ይሄንንም ሊሰጠኝ ነው፣ የልጅ ልጄ እኔን የምታየኝ በባዬ ካሜራ ሊሆን ነው፣ ሰርክአዲስ ደግሞ አየኸው አይደል ደግነቱን ልትል ነው፣ አይሆንም፣ ይህስ አይሆንም። በሽር፣ አራቱን ስጠኝ። ካሜራም ጨምር፣ አዲስ። አልሐምዱሊላህ፣ ይላል በሽር፣ ዐሚ ልቡ ተመለሰ። ባዬም ደስ ብሎት አንገቱን ይነቀንቃል፣ ምክሩን የሰማሁለት መስሎት፣ ይምሰለው።

ረክሻ፣ ባለ ሦስት ጎማዋን ባጃጅ፣ ይዘው ወደ ሰፈራቸው ወደ ጀብራ ይመለሳሉ፣ ካርቶኑን ሁለቱም ጭን ላይ አጋድመው፣ ሙቀቱ በጎን እየገባ። ነገ ሐሙስ መጥቼ ገመዱን እሰካካለሁ፣ ይላል ባዬ፣ ናሆምንም አስገባልሃለሁ፣ አንድ ቁልፍ መንካት ነው፣ ለሰርክአዲስ አሳያታለሁ። ለእኔ አሳየኝ። እሺ፣ ለአንተ። ዓርብ እንግዲህ፣ ይልና ባዬ ይተወዋል፣ መንገዱን ያያል፣ አህያ ውሃ እየጎተተ ያልፋል።

ዓርብ ና በለው። አንድ ቃል ናት፣ ሐሙስ ሰክቶልህ ሄዶ ዓርብ ግድግዳ ያይ፣ ሰው አይደለህም፣ ና በለው፣ ግን ከመጣ አባባ ባዬ ትላለች፣ እኔን ደግሞ ይሄ ማነው፣ በቤቴ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ፣ አንድ ዓርብ ብቻ፣ አንድ፣ ፊቴን ትልመደው፣ ከዚያ እጠራዋለሁ፣ እግዜር ያውቃል እጠራዋለሁ፣ በሚቀጥለው፣ ካልሆነም ከሚቀጥለው በሚቀጥለው፣ ረክሻው ጉድጓድ ገብቶ ይወጣል፣ ካርቶኑ ይንገጫገጫል፣ ባዬ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞታል፣ ተሰማ ካርቶኑን ወደ ራሱ ጭን ሳብ ያደርገዋል፣ ተወው፣ ይላል፣ እኔ እይዘዋለሁ።