እትዬ ሹንዢ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገቡ

በመንደራችን ከሊቀመንበሩ ይልቅ የሚከበረው የእትዬ ሹንዢ ቁም ሳጥን ነበር። ከዛፍ ሙጫ የተሠራው ቀይ ቀለሙ፣ ላከሩ፣ የበሰለ ቼሪ ይመስላል፤ በሮቹ ላይ በወርቅ የተቀቡ ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በሠርግ ቀን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ይዛ የመጣችውን ዕቃ ባሏ እንኳ ሳያስፈቅድ አይነካም። የሟች ባላቸው የወንድም ልጅ ቦፌንግ ግን ኒንግቦ ከተማ ሲከርም ይህን ረስቶ፣ ሊሸጠው ነጋዴና አራት ተሸካሚዎች አስከትሎ መጣ።

«አክስቴ፣ በምትኩ ባለ መስታወት አዲስ አመጣልዎታለሁ።»

«መስታወት ምን ያደርግልኛል? የራሴን ፊት አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ያንተን ነው።»

ነጋዴው ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ ይህ ቅርስ ነው፤ የቤትዎ እርጥበት ይጎዳዋል።»

«ላከር የሚደርቀው በእርጥበት ነው፣ ጌታዬ። ይህን ሳታውቅ ነው ቅርስ የምትገዛው?»

«ፈርሜያለሁ፤ አለቀ» አለ ቦፌንግ። «አንሱት!»

እትዬ ሹንዢ አልጮኹም። ብርድ ልብሶቻቸውን አንድ በአንድ አወጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

«በሉ፣ አንሱ!» አሉ ከውስጥ።

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር አሮጊት በእንጨት ሳጥን፣ በአራት ሰው ትከሻ ከቤቷ የምትወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«እኔ የቤት ዕቃ ነው የተባልኩት» አለ ሽማግሌው ተሸካሚ።

«ቀላል ናቸው እኮ!» አለ ቦፌንግ።

«ክብደት መች አወራሁ?»

«ቦፌንግ!» አሉ እትዬ ሹንዢ። «ልጅ ስለሌለኝ ከፊት የምትሄደው አንተ ነህ። የሐዘን ነጭ ልበስ። አልቅስ ደግሞ፤ ጎረቤት ይስማ!»

ጎረቤት ቀድሞ ተሰብስቧል። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ «ጥሩምባ ነፊ ልጥራ እንዴ?» አልኩ።

ነጋዴው ላብ አጠመቀው። «አስከሬን ወጣበት ከተባለ ማን ለሠርግ ይገዛዋል?» ብሎ የውሉን ቅጂ ቦፌንግ እጅ ላይ ጥሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ቦፌንግ በሩን አንኳኳ። «አክስቴ፣ ይውጡ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው።»

«ስትሸጠኝስ ማን እያየህ ነበር? ወረቀቱን ቅደድ። ድምፁን ልስማ።»

ቀደደ።

«ሁለተኛውንም።»

የራሱን ቅጂም ከኪሱ አውጥቶ ቀደደ። ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በቃ፣ አሁን ይውጡ!»

«ለምን ሲባል?» አሉ እትዬ ሹንዢ። «የራሴ ነው። ሲያሰኘኝ እወጣለሁ።»