ለጊዜው የተሰቀለው በር

እዚያ ቤት ውስጥ አመል የሌለው ዕቃ አልነበረም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ሲያንጠባጥብ ይውላል። የሳሎኑ መብራት ማብሪያውን ተጭነው ጎኑን በቡጢ ካላሉት አይበራም። ካውያው የሚሞቀው ገመዱ ላይ ከባድ ነገር ሲጫንበት ብቻ ስለሆነ ለዚሁ ሥራ የተመደበ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ፤ ቃል ተፈልጎበት አያውቅም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ብድግ ካላደረጉት፣ ከውጭ ቢገፉት ከውስጥ ቢስቡት ንቅንቅ አይልም።

«አመሉን ካወቁለት ምንም አይልም» ይላል የቤቱ ጌታ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ስለ ጥሩ ፈረስ እንደሚያወራ ሰው።

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ግማሹ ሊያከብረው፣ ግማሹ ሊቀልድበት። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው ፖስታ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ ነው። ከማኅተሙ መልስ ግን ካቻቪቴ ከእጁ አይለይም ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ቀኑ በሙሉ የካቻቪቴ ሆነ።

ሰነፍ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ። ውሸት ነው። ሰነፍ ማለት ማንቆርቆሪያው ማሞቅ ባቆመ ማግስት አሽቀንጥሮ ጥሎ ሌላ የሚገዛ ሰው ነው። ኢንጂነሩ ሌላው ቢቀር ይከፍተዋል። ለመክፈት ደግሞ ብሎን ያስፈልጋል፤ ይህ ዘመን ብሎን ጠልቷል። ማንቆርቆሪያው በሙጫ ታሽጓል፤ ሬዲዮው በሙጫ ታሽጓል፤ የግድግዳ ሰዓት እንኳ እንደ ሬሳ ሣጥን ተደፍኖ ይመጣል። ኢንጂነሩ ይህን የሚቆጥረው እንደ ስድብ ነው። «የገዛሁትን ዕቃ ሆዱን እንዳላይ የሚከለክለኝ ማን ስለሆነ ነው? ሌቦች!» እያለ በቢላ ሲፈለፍል ይውላል። እውነቱን ነው። እንዳይጠገን አድርጎ ዕቃ የሚሠራ ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ የአክብሮት ስም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የኢንጂነሩ ጥፋት ሌላ ቦታ ነበር። ዕቃው በእሱ እጅ መሥራት በጀመረባት ደቂቃ፣ ጥገናው አለቀ ብሎ መሣሪያውን ይሰበስባል። የቀረው «ለጊዜው» ነው። ለጊዜው በሽቦ፣ ለጊዜው በናስትሮ፣ ለጊዜው በተጣጠፈ ካርቶን። ልጆቹ ተወልደው፣ አድገው፣ አግብተው ወጡ፤ ሽቦው ግን እዚያው ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የሚስቱ ድርሻ ባትሪ ማብራት ነበር። እሱ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር በጀርባው ይንጋለላል፤ እሷ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ አጎንብሳ ታበራለታለች።

«ወዲህ አብሪ! ወዲህ እንጂ! እኔ የማየውን እይ እንጂ ሴትዮ!»

«አንተ የምታየውን በምን ልወቅ? ራስህ ሸፍኖታል!»

«ባትሪ መያዝ ምን ይከብዳል?»

ለዚህች ጥያቄ መልስ እንዲሆን ባትሪውን ሆዱ ላይ ጥላለት የሄደችበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ዘንድሮ ግን ኢንጂነሩ ደከመ። ድካሙ የጀመረው ከቀኝ ትከሻው ነው። መጀመሪያ ያመው ነበር፤ ከዚያ ሕመሙ ቀርቶ ክንዱ ራሱ እምቢ አለ። ከደረቱ በላይ አልወጣም አለው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሸሚዝ ሲለብስ የታመመውን እጅ አስቀድሞ ያስገባል፤ ጸጉሩን በግራው ያበጥራል፤ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ አውርድልን ሲሉት «ቆዩ፣ ሥራ ይዣለሁ» ይላል። የመታጠቢያ ቤቱን በር የሚያነሳው የቀኝ ክርኑን በግራ መዳፉ ደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው። የጀመራቸው ዕቃዎች ሆዳቸውን እንደከፈቱ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ጠዋት ጠዋት ፊታቸው ይቀመጣል። ካቻቪቴውን ያነሳል፤ ያየዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሲመሽ ምንም ሳይሠራ ድንጋይ ሲፈልጥ እንደዋለ ሰው ዝሎ ይተኛል።

በዚህ መሐል የሚስቱ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ምርኩዝ ይዘው ነው፤ ብቻቸውን መኖር አልሆነላቸውም። ከእኛ ጋር ይኑሩ ተባለ። ኢንጂነሩም ደስ አለው፤ ተረባቸውን ይወደዋል። እትዬ ግን በስልክ አንድ ነገር ቁርጡን ተናገሩ። «መጸዳጃ ለመግባት ሰው የምጠራ ከሆነ እንግዳ አይደለሁም፣ ሸክም ነኝ። በዚያው ቀን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ሚስቱ ስልኩን ዘግታ መጣችበት።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። የበሩን አመል አሳያቸዋለሁ።»

«በምርኩዝ የቆመች ሴት በየትኛው እጇ ነው በር የምታነሳው?»

ኢንጂነሩ ካቻቪቴውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ቅዳሜ ትመጣለች። በሩ እንደ ሰው በር በአንድ ጣት ካልተከፈተ አናጢውን እጠራዋለሁ።»

«ያንን ስልክ ጆሮው ሥር ወትፎ በር የሚሰቅለውን?»

«እሱን።»

«እኔ በቁሜ እዚህ ቤት አናጢ አይገባም!»

«እንግዲያው አንተው ሥራው» ብላ ትክ ብላ አየችው። ሌላ የምትለው ያላት ትመስል ነበር፤ አላለችም።

ምን መደረግ እንዳለበት ኢንጂነሩ አሳምሮ ያውቃል። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ቀዳዳቸው ሰፍቶባቸው መቃኑን መንከስ ትተዋል፤ በሩ ያዘመመው ለዚያ ነው። በሩን ማውረድ፣ ቀዳዳዎቹን በእንጨትና በኮላ መድፈን፣ ብሎኖቹን እንደ አዲስ ማጥበቅ። ደህና ሰው ከቁርስ እስከ ምሳ ይጨርሰዋል። ግን ሁለት እጅ ወደ ላይ መነሳት አለበት፤ አለዚያም አንድ ሰው «ያዢልኝ» መባል አለበት። «ለምን?» ብትለውስ?

ስለዚህ ዓርብ ዕለት፣ ሚስቱ ገበያ ስትሄድ ጠብቆ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። የላይኛውን ማጠፊያ አልነካውም። እጁ የሚደርስበትን የታችኛውን ፈታ፤ ከአሮጌ ጫማ ሶል ቁራጭ ቆረጠና ከማጠፊያው ኋላ ወትፎ መልሶ አጠበቀው። በሩ ከታች ተገፍቶ ቀና አለ። በአንድ ጣት ተከፈተ። በአንድ ጣት ተዘጋ። ሚስቱ ስትመለስ ጣቷን ይዞ አስገፋት።

«ጨረስከው?» አለች፤ ደስም አላላት።

«ለጊዜው።»

ቅዳሜ እትዬ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጠው ስለዋሉ ፊታቸው ዝሏል። ሶፋው ላይ አረፍ እስኪሉ፣ ኢንጂነሩ ሻንጣቸውን በግራ እጁ አስገባና «አንዴ እጄን ልታጠብ፣ ከዚያ በሩን አሳይዎታለሁ» ብሎ ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋው። ደስ ብሎት ስለነበር ትንሽ በኃይል ዘጋው።

ከራሱ በላይ ቀጨጭ የሚል ድምፅ ሰማ። የላይኛው ማጠፊያ በመጨረሻ ጥርሱ ይዞት የነበረውን እንጨት ለቀቀ። በሩ በሙሉ ክብደቱ ቁጭ አለ፤ ታችኛው ጠርዙ ወለሉን ነክሶ፣ ሶሉ የገፋው ጎኑ መቃኑ ውስጥ ተቀረቀረ። እጀታውን ሳበው። ግድግዳ እንደመሳብ ነበር።

እጁን ታጠበ፤ ሌላ የሚሠራው አጣ። እንደገና ታጠበ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሚስቱ ከውጭ።

«ምንም። እጄን እየታጠብኩ ነው።»

«እስከ ክርንህ ነው የቆሸሽከው?»

ከሶፋው በኩል የእትዬ ድምፅ መጣ። «ኢንጂነር! ሙጫውን ይዘኸው ነው እንዴ የገባኸው?»

ሚስቱ ከውጭ ገፋችው። በትከሻዋ ገፋችው። እጀታውን አንስታ ገፋችው።

«ተቀርቅሯል» አለ ኢንጂነሩ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ካቻቪቴ በሥር ላሳልፍልህ?»

«ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀት እንኳ አያሳልፍም።»

«እንግዲያው አንተ ከውስጥ ብድግ አድርገው፤ እኔ እገፋዋለሁ። አመሉን የምታውቀው አንተ አይደለህ?»

አንዴ ሞከረ። ክንዱ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«አነሳኸው?»

«ትንሽ ታገሺ።»

«እኔስ እታገሣለሁ!» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አፏን ከበሩ ጋር አጣበቀች። «እህቴ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነች። ከረገጠች ጀምሮ ዓይኗ በዚህ በር ላይ ነው፤ በኩራቷ ነው ዝም ያለችው። ይገባሃል?»

ገባው። ፊቱ እሳት ሆነ።

«አንተ ፋብሪካውን ሌባ ትላለህ» አለች፤ አሁን ቆሽቷ አርሮ ነበር። «ዕቃውን ከሱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይከፍተው አድርጎ አጣበቀው ብለህ። አንተስ? ከዚህ ቤት ዕቃ ካንተ በቀር ሌላ ሰው የሚከፍተው የቱ ነው? ቧንቧው? መብራቱ? ልጆችህ ሊጠይቁን ሲመጡ ሻይ እንኳ ማፍላት ይፈራሉ! ፋብሪካው በሙጫ አሸገ፤ አንተ ባመል አሸግክ። ልዩነታችሁን ንገረኝ!»

ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ መልስ ያጣበት ክርክር አልነበረም። ደከመው። ከትከሻው ተነስቶ እስከ ጉልበቱ የወረደ ድካም ነበር፤ መዋሸት ራሱ ጉልበት እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ታወቀው።

«ላነሳው አልችልም» አለ።

«ለምን?»

«እጄ አይነሳም። ቀኙ። ከበጋ ጀምሮ ነው።»

ስትመልስለት ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ ቁጣው የለም፣ ዝሎ ነበር።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ሸሚዝህን እንደ ሕፃን እየተጠማዘዝክ ስትለብስ ዓይን የለኝም መሰለህ? ማታ ስትገላበጥስ አልሰማም?»

«እያወቅሽ ነው በሩን ሥራ ያልሽኝ?»

«'ያዢልኝ' እንድትለኝ ነዋ!» አለች። «ይችን አንዲት ቃል። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅኳት።»

ኢንጂነሩ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ጥሪው» አለ።

«ማንን?»

«ታውቂዋለሽ። ጥሪው፤ ቶሎ ይምጣ።»

አናጢው ቶሎ መጣ። ስልኩ ጆሮው ሥር ነበር፤ በሩን ሲያይ ግን «ቆይ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። የያዘውን የብረት ዘንግ ጫፍ ከበሩ ሥር በመዶሻ መትቶ አስገባና በእግሩ ተጭኖ ብድግ ሲያደርገው፣ ሚስቱ በትከሻዋ ገፋች፤ በሩ እንደ ታመመ ከብት እያቃሰተ ተከፈተ። አናጢው ከነማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳ ላይ አስደገፈው።

«ማነው ይህን የሰቀለው?» አለ፣ የሶሉን ቁራጭ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ።

ሚስቱ አፏን ልትከፍት ስትል ኢንጂነሩ ቀደማት።

«እኔ ነኝ። ለጊዜው ነበር።»

«ወሬውን በኋላ ታወሩታላችሁ!» አሉ እትዬ በምርኩዛቸው ወለሉን እየደበደቡ። «ወንዶች ውጡልኝ! አንቺ አንሶላ አምጪ!»

ወንዶቹ በረንዳ ወጡ። በውስጥ በኩል ሚስቱ በር በሌለው በር ላይ አንሶላ ወጥራ ቆመች። ኢንጂነሩና አናጢው ጎን ለጎን ቆመው፣ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ሰማይ ሰማይ አዩ።

«ቀዳዳዎቹ በእንጨት መደፈን አለባቸው» አለ ኢንጂነሩ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በኮላ።»

«አዎ። ግን ብቻዎን አይሆንም። እኔም በር ብቻዬን አልሰቅልም፤ ወንድሜ ነው የሚይዝልኝ።»

ኢንጂነሩ ዞሮ አየው። ሰውየው እያሾፈ አልነበረም።

እትዬ ጨርሰው እፎይ ብለው ሶፋቸው ላይ ከተመለሱ በኋላ ሥራው ተጀመረ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት መዳፍ ታክላለች፤ አምፖሉ ደግሞ የራሱ አመል ነበረው፣ ዛሬ አልበራም አለ። የአናጢው ወንድም ሌላ ሥራ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ባትሪ ይያዙልኝ።»

ኢንጂነሩ ባትሪውን በቀኙ ያዘ። ሳያስበው ነው በቀኙ የያዘው። ብርሃኑ እስከ በሩ ወገብ ደርሶ ቆመ፤ ማጠፊያው ያለው ከላይ ነው። ወደ ግራ እጁ እንዳያዛውረው በግራው የብሎኖቹን ቆርቆሮ ይዟል።

«ወዲህ ያብሩልኝ እንጂ!» አለ አናጢው፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ። «ወደ ላይ! እኔ የማየውን ይዩ እንጂ ጋሼ!»

ከኮሪደሩ ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። ግድግዳውን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። «ምን አገኘሽ?» ይላሉ እትዬ ከሶፋው፤ መመለስ አልቻለችም።

«አንተ የምታየውን በምን ልወቅ?» አለ ኢንጂነሩ። «ራስህ ሸፍኖታል!»

ከአፉ እንደወጣ የማን ቃል እንደሆነ ገባው። የሚስቱ ሳቅም በዚያው ቆመ።

ባትሪውን ለመስጠት ወደ እሷ ዞረ። አልተቀበለችውም። አጠገቡ መጥታ መዳፏን ከክርኑ ሥር አደረገችና ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ሲያመው ቆመች፤ ሲተነፍስ ቀጠለች። ብርሃኑ በመቃኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወጣ።

«እዚያው ላይ» አለ አናጢው። «አሁን ገና ታየኝ።»

ኢንጂነሩ በጣም ደክሞት ነበር። የክንዱን ክብደት ሁሉ መዳፏ ላይ ለቀቀላት።